መብራቱ ይበራል፣ መኪናው አይነሳም፦ ሞተሪኖ ከማስቀየራችሁ በፊት

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ አሮጌ መኪና የምትነዱ ሁሉ፣ በተለይም እንደ እኔ ኮሮላ ይዛችሁ ማለዳ ማለዳ ከጦሳ ተራራ ብርድ ጋር የምትታገሉ፣ እኔን 34,000 ብር ያስወጣኝን ጉዳይ እናንተ በነጻ እወቁት።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር «ጠቅ» አለና ጸጥ። አንድ ጊዜ ብቻ። የፊት መብራቱ ግን ቦግ ብሎ ይበራል፤ ጥሩንባውም ሰፈር ይቀሰቅሳል። ደሴ ቁልቁለት አይጠፋምና የጎረቤት ልጆች ገፍተው አስነሱልኝ፤ በቀጥታ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድሁት። የጋራዡን ስም አልጽፍም። ብጽፈው ነገ ታፔላውን ቀይሮ ይቀጥላል፤ ዘዴውን ብታውቁት ይሻላል።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ «መብራቱን ያብሩት ጋሼ» አለኝ። አበራሁ። «አዩ? ባትሪው መብራት ይሰጣል፤ ስለዚህ የሞተው ሞተሪኖው ነው።» (ሞተሪኖ ማለት ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ዕቃ ነው።) ወዲያው ደግሞ በካቻቪቴ የባትሪውን ሁለት ራሶች አገናኝቶ ብልጭ አደረገና «ባትሪውም ቢሆን ደክሟል፤ ብልጭታው ቀጭን ነው» አለ። አንድ ባትሪ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደህናም ደካማም ሆነ፣ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ! (ይህን ብልጭታ የሚያሳያችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ፈቀቅ በሉ። ባትሪ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፤ በእሳት ፍንጣሪ ሊፈነዳ ይችላል። ስለ ባትሪው ጤንነት ደግሞ ብልጭታው የሚናገረው አንዳች ነገር የለም።)

«አብሽር ጋሼ፣ እስከ አሥር ሰዓት ይደርሳል።» ወሎ ውስጥ አብሽር የተባለ ሰው ከዚያ በላይ ምን ይጠይቃል? ቡና ልጠጣ ሄድሁ። ጥፋቴ ይህ ነው።

ስመለስ መኪናው በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ሞተሪኖ 18,000፣ ባትሪ 13,500፣ የእጅ ዋጋ 2,500 ብር። ደረሰኝ የለም። አሮጌዎቹን ዕቃዎቼን ስጠይቅ «ቁራሌው መጥቶ ወሰዳቸው» ተባልሁ። ቁራሌው በዚያ ቀን በጣም ፈጣን ነበር።

በአምስተኛው ቀን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ጉዳዬን ጨርሼ ልመለስ ስል፣ ጠቅ። መብራቱ እንደ ፀሐይ።

እዚያ የደረሰልኝ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ «አባባ፣ ሳንለካ ምንም አንፈታም» አለኝ። አባባ ለመባል ገና ነኝ ብዬ አስብ ነበር፤ ግን ንግግሩ ደስ አለኝ። ቴስተሩን አውጥቶ ባትሪውን ለካ፤ 12.5 ቮልት። ከዚያም አንዱን ዘንግ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አስደግፎ ቁልፉን እንዳዞር ነገረኝ። ቴስተሩ 2.8 ቮልት አሳየ። «እዚህ ግማሽ ቮልት እንኳን መሙላት አልነበረበትም። ሌባው ማሳው ነው።»

ማሳ የሚሉት ከባትሪው ኔጌቲቭ ተነስቶ ሞተሩ ላይ የሚታሰረውን ወፍራም ገመድ ነው። የታሰረበትን ቡሎን ሲፈታው አመድ የመሰለ አረንጓዴ ዱቄት እጁ ላይ ረገፈ። የገመዱን የጎማ ልባስ በምላጭ ሲሰነጥቀው ውስጡ ያለው መዳብ እስከ አንድ ጣት ድረስ ተበልቶ ጠቁሯል። የመብራቱ ኤሌክትሪክ የሚመለሰው ወደ መኪናው አካል በሚሄደው ሌላ ቀጭን ገመድ ስለሆነ ምንም አልጎደለበትም። ፍላጎቱም ትንሽ ነው፤ 55 ዋት የሆነ አንድ አምፖል ከ5 አምፔር በታች ይበቃዋል። ሞተሪኖ ግን ሞተሩን ለማዞር ከ100 አምፔር በላይ ይፈልጋል። ጀበና የሚሞላ ውሃ እርሻ አያጠጣም። ደሴ ላይ አምስት ቀን የሠራልኝም ሞተሪኖውን ሲፈቱና ሲያስሩ ያው ገመድ ስለተነካካና ዝገቱ ትንሽ ስለተፋቀ ነው።

አዲስ ገመድና የእጅ ዋጋ፣ 900 ብር።

ልጁ ከዚያ በኋላ «አዲስ» የተባለውን ሞተሪኖ በምስማር ጫር አደረገው። ከብርማው ቀለም ሥር ዝገትና የደረቀ ዘይት ወጣ። የባትሪው ወረቀት ጠርዝ ሲገለጥ ደግሞ ሥሩ ሌላ፣ የደበዘዘ ወረቀት ተለጥፏል። ማለትም ደህናውን ሞተሪኖዬን አስረክቤ የተቀባ አሮጌ ገዝቻለሁ።

መኪናችሁ እምቢ ሲል መጀመሪያ ድምፁን አድምጡ። ጠቅጠቅጠቅ እያለ የሚንተከተክ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ባትሪው ባዶ ነው፤ ወይም ራሶቹ ላልተዋል። አንድ ጠቅታ ብቻ ከሆነና መብራቱ ካልደበዘዘ ሞተሪኖው፣ ገመዱ ወይም ማሳው ይጠረጠራል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ፊውዙ፣ ሪሌው ወይም የቁልፍ ቤቱ ይታይ። ያደረ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ገደማ ነው፤ 12.2 ላይ ወደ ግማሽ ወርዷል። ቁልፍ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወደቀ ባትሪውን መጠርጠር ተገቢ ነው። መኪናው ተነስቶ ከ13.5 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ነው። የቴስተሩ ዘንግ የሚያርፈው በራሱ በባትሪው የእርሳስ ራስ ላይ ይሁን፤ ማሰሪያው ላይ ከለካችሁ በመካከል ያለው ዝገት ያታልላችኋል። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በፊታችሁ ሳይለካ «ይቀየር» የሚል ሰው ካለ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። የተፈታው ዕቃ ደግሞ እጁ ሳይታጠብ የእናንተ ሻንጣ ውስጥ ይግባ።

ወደ ጋራዡ ተመልሼ ነበር። «ባትሪውን ልቀይርልዎት እችላለሁ፤ ገንዘቡ ግን ወጥቷል» አለኝ። ደረሰኝ ስለሌለኝ የምከስበት ወረቀት የለኝም።

የእኔ ሞተሪኖ ግን ምልክት አለው። የውስጥ ካርቦኑን የቀየረልኝ ሌላ መካኒክ ጎኑ ላይ በምስማር «ሰኔ 2014» ብሎ ጽፎበታል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ሰሞኑን የኮሮላ ሞተሪኖ የገዛችሁ ካላችሁ እስቲ ቀለሙን ጫር አድርጋችሁ እዩልኝ።