አሮጌው ቲቪያችንን ያስቀረልን ሪሲቨር፦ ክረምቱ ካለፈ በኋላ

ደሴ ውስጥ ሪሲቨር ልግዛ ብዬ ፒያሳ አካባቢ ያሉ ሱቆችን ስዞር ሻጮቹ ቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ቲቪው ነበር። «ፍላት ነው?» አይደለም ስላቸው ፊታቸው ይቀየራል። «እንግዲያው ዲጂታል አይሰራልህም፣ ቲቪውን ቀይረው።»

አልቀየርኩትም። የእናቴ ባለ 21 ኢንች ቲቪ፣ ያ ጀርባው ሰፊው፣ ዛሬም ሳሎን ውስጥ ይሰራል። ዝቅ ባለ ዋጋ የገዛሁት ኤችዲ ሪሲቨር ክረምቱን ከነጉሙ አብሮት ከርሟል።

ወንድሜ ሻጩ፣ ዲጂታል የሆነው ስርጭቱ ነው። ሞገዱን ተቀብሎ ወደ ምስልና ድምፅ የሚፈታው ሪሲቨሩ ነው። ቲቪው የተሰጠውን ያሳያል፣ ሌላ ሥራ የለበትም። ስለዚህ መታየት ያለበት የሪሲቨሩ ጀርባ ነው። ፍላት ቲቪ የሚጠቀምበት ኤችዲኤምአይ የሚባለው ቀዳዳ ብቻ ካለው ለአሮጌ ቲቪ አይሆንም። የኤቪ ቀዳዳ ይኑረው። ቢጫው ለምስል፣ ነጭና ቀዩ ለድምፅ። በትንንሾቹ ሪሲቨሮች ላይ ሦስቱም በአንዲት የጆሮ ማዳመጫ በምታክል ቀዳዳ ይጠቃለላሉ፤ ገመዷ ካርቶኑ ውስጥ መኖሯን አይታችሁ ውሰዱ።

የመጀመሪያው ምሽት ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ መጣ። ዲሹን ሊሰራ የመጣው ልጅ «ቲቪው አብቅቶለታል» ብሎ ፈረደበት። የሪሲቨሩን ሜኑ ከፍቼ ሳይ የቀለም ሲስተሙ ኤንቲኤስሲ በሚባለው ላይ ነበር። ፓል ወደሚባለው ስቀይረው የዜና አንባቢዋ ነጠላ ጥለት አረንጓዴ ሆኖ ብቅ አለ። ስንት ደህና ቲቪ በዚህች ቅንብር ምክንያት ተጥሎ ይሆን! ቀጥሎ ስክሪኑን 4፡3 ሌተርቦክስ ላይ አደረግኩት። ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ይቀራል፣ ግን ሰው ቀጥኖ አይታይም፣ ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍም አይቆረጥም።

ዲሹን ከናይልሳት ሳተላይት ወደ ኢትዮሳት ማዞር ግድ ነበር። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ ዲሻችን ወደ ጦሳ ተራራ ነበር የሚያየው። ኢትዮሳት ግን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። አሁን ለጦሳ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቀና ብሏል። ሽቅብ ስለሚያይ የጎረቤት ፎቅ አይከልለውም። ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲወርድ ይቆራረጣል፣ ሲያባራ ይመለሳል። ይህን በሪሲቨሩ አላሳብብም፤ ሞገዱን የሚያዳክመው ዝናቡ ነው።

ያስቸገረን ሙቀት ብቻ ነው። እማዬ እንደ ወጉ ዳንቴል አልብሳው ነበር፤ እየጋለ ሪሞት አልሰማ ይል ጀመር። ዳንቴሉን ለቡፌው ሰጠነው፣ ሪሲቨሩም ተንፍሶ ዳነ። መተንፈሻውን አትሸፍኑበት።

ፍላት ቢሆን ምስሉ አይጠራም ወይ? ይጠራል፣ አልክድም። እማዬ ግን ዜናዋንና ድራማዋን እያየች ነው፣ ምንም አልጎደለባትም። ደህና ዕቃ አስጥሎ አዲስ ማስገዛት ንግድ ሊሆን ይችላል፣ ምክር ግን አይደለም። ዛሬም ልግዛ ብል ይህንኑ ሪሲቨር ነው የምገዛው።

ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር የምትኖረው አክስቴም ቲቪዋን ለቁራሌው ልትሰጥ ስትል ደርሼ አስቀረኋት። እሷ የምታየው በአንቴና ስለሆነ የኔ ዓይነት ሪሲቨር አይሆናትም፤ የዲሽ ሪሲቨር የአንቴና ሞገድ አይቀበልም። ሀገራችን ለመሬት ስርጭት፣ ማለትም በአንቴና ለሚያዘው፣ የመረጠችው ዲቪቢ ቲ 2 የሚባለውን የዲጂታል ስርጭት ዓይነት ነው። ኮምቦ ከተባሉት ሪሲቨሮች ዲሽም አንቴናም የሚይዙ አሉ። ካርቶኑ ላይ «ቲ 2» የሚለውን በዓይኗ ሳታይ ብር እንዳታወጣ ነግሬያታለሁ፣ ለእናንተም ያው ነው።