ባላራት ከልጆች ጋር፦ ሶቨሪን ሂል ወይስ የዱር እንስሳት ፓርኩ?

እ.ኤ.አ. በ1851 ወርቅ የተገኘባት ባላራት ከአውስትራሊያዋ ሜልበርን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በአንድ ቀን ሶቨሪን ሂል የተባለውን ሙዚየምና የዱር እንስሳት ፓርኩን ሁለቱንም ማዳረስ ልጆችን ያደክማል፤ አንዱን ይምረጡ።

ዋጋ፦ ሶቨሪን ሂል ወደድ ይላል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ያውላል። ፓርኩ ረከስ ይላል፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ለልጆች፦ ሶቨሪን ሂል የወርቅ ዘመኑን መንደር መልሶ የሠራ ሙዚየም ነው። ልጆች የጅረቱን አሸዋ በሳህን እያጠቡ ወርቅ ይፈልጋሉ። ያገኟትን ቅንጣት ቤታቸው ይወስዳሉ። ልጅን ከታሪክ ጋር ለማስተዋወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም! በፓርኩ ደግሞ ካንጋሮዎች ልቅ ናቸው፤ ከእጅ ይበላሉ።

ችግሩ፦ የሶቨሪን ሂል የማዕድን ጉድጓድ ጨለማ ነው፤ መንገዱም ዳገት አለው።

ልጅዎ ማንበብ ከጀመረ ሶቨሪን ሂል፤ ገና ዳዴ የሚል ከሆነ ካንጋሮዎቹ።