ስምንት ቅዳሜ ሳይኮሎጂ ቲቶሪያል

ነርስ ነኝ። ቀን እሠራለሁ፣ ማታ ኤክስቴንሽን እማራለሁ። ጄኔራል ሳይኮሎጂ ሚድ ላይ ሲከብደኝ ስድስት ኪሎ አካባቢ ቲቶሪያል ገባሁ። ስምንት ቅዳሜ፣ 1,600 ብር።

አስተማሪው በጣም ጎበዝ ነው። የመጀመሪያ ቀን ስም አላስሸመደደንም። ሰሌዳው ላይ «ነጭ ጋውን ሲያይ የሚያለቅስ ሕፃን» ብሎ ጻፈና እያንዳንዱ የአስተሳሰብ ጎራ ምን እንደሚል ጠየቀን። ፍሮይድ ወደ ድብቁ አእምሮ ይወስደዋል። ኮግኒቲቮቹ ልጁ ምን እያሰበ ነው ይላሉ። ባህሪ የሚመጣው በመልመድ ነው የሚሉት ቢሄቪየሪስቶቹ ጋ ስንደርስ እ.ኤ.አ. በ1920 ዋትሰንና ሬይነር የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙትን ሙከራ ነገረን። አልበርት የሚሉት የ11 ወር ሕፃን ነጭ አይጥ ሲነካ ከኋላው ብረት በመዶሻ ይመታሉ። በኋላ አይጡን ብቻ ሲያይ አለቀሰ፤ ጥንቸልም ፈራ። ፍርሃቱን ሳያጠፉለት መቅረታቸው እስካሁን ያሳዝነኛል።

የምሠራው ክትባት ክፍል ነው። ልጆቹ መርፌውን ሳያዩ በር ላይ ያለቅሳሉ። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ጋውኔን ሰቅዬ መጀመሪያ አጫውታቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ዝም ይላሉ። ግን የጋውኑ ነው ወይስ የጨዋታው?

ይህን መለየት የተማርኩት ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። 24 ነበርን። እንደ ዕቁብ ዕጣ ወረቀት ጠቅልሎ አስወጣንና ለሁለት ከፈለን። ግማሹ ዘፈን ተከፍቶ፣ ግማሹ በጸጥታ 15 ቃል አጠና። አንዷ ልጅ «ለምን በየምርጫችን አንገባም?» አለች። «ጎበዞቹ ሁሉ ጸጥታውን ቢመርጡ፣ ልዩነቱ የማን እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?» አላት። ኢንዲፔንደንት ቫሪያብል (ሆን ብለን የምንለውጠው፣ እዚህ ዘፈኑ) እና ዲፔንደንት ቫሪያብል (የምንለካው፣ እዚህ ያስታወስነው ቃል) ከዚያ ወዲህ ተምታተውብኝ አያውቁም።

ቅር ያለኝ ጄኔቲክሱ ነው። የመጨረሻው ቅዳሜ ግማሽ ላይ ተጨናንቆ አለፈ። 46 ክሮሞሶም፣ 23 ከእናት፣ 23 ከአባት፣ አለቀ። እናትም አባትም የደም ዓይነታቸው ኤ ሆኖ ልጁ ኦ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የተደበቀ የኦ ጂን ከያዙ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። የልጁን ደም ዓይነት ሰምቶ ፊቱ የተለወጠ አባት በዓይኔ አይቻለሁ። ለዚህ አምስት ደቂቃ አይበቃም፤ ሙሉ ቅዳሜ ይገባው ነበር።

ሃንድአውቱንም አልወደድኩትም። «ሄሪቴቢሊቲ 50 በመቶ ማለት የአንድ ሰው ብልህነት ግማሹ ከዘር ነው» ይላል። ስህተት ነው። የሚለካው በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ምን ያህሉ ከዘር እንደሚመጣ ነው፤ አንድን ሰው ለሁለት አይከፍልም። ለአስተማሪው ነገርኩት፣ ክፍል ውስጥ አመስግኖ አረመ። ወረቀቱ ግን እንዳለ ይሸጣል። የሥነ ልቦና ሊቁ ቩንት ጀርመን፣ ላይፕዚግ ላይ የሳይኮሎጂ ላብራቶሪ የከፈተበትን 1879ም እ.ኤ.አ. ሳይል ጽፎታል። አንድ ልጅ አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት ነው ብሎ ድርቅ አለ፤ ምን ያድርግ?

ለትምህርቱ ስል ድጋሚም እከፍላለሁ። ሃንድአውቱን ግን አትግዙ፣ ደብተር ያዙ። ክፍሉ መንገድ ዳር ስለሆነ ኋላ ወንበር ላይ አይሰማም። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ድረሱና ፊት ተቀመጡ።