እናቴን ከአራተኛ ፎቅ ላወረዳችሁልኝ የጠብታ ልጆች

ባለፈው ወር እማዬ ሌሊት ተነስታ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀች። ቤታችን ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ጎረቤት ተሯሩጦ ደረሰልን። «አንሷት! መኪና ፈልጉ!» ይባባላል። እኔም ብብቷ ስር ገብቼ ላነሳት ስል አንዷ ጎረቤታችን ያዘችኝና 8035 ደወለች። የጠብታ አምቡላንስ ቁጥር ነው።

መጀመሪያ የተነገረን «እንዳታንቀሳቅሷት» የሚል ነው። ነርሷ እንደገባች አጠገቧ ተንበረከከች። «እማማ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» አንድ እግሯ አጥሮ ወደ ውጭ መዞሩን አሳየችኝ። ዳሌዋ ሳይሰበር አልቀረም አለች። በኋላ ራጁም ይህንኑ አሳየ። እኔ ልጎትታት ነበር እኮ!

እግሯን ደግፈው አሰሩ፣ ቃሬዛው ላይ በቀበቶ አጠበቋት። ያንን ጠባብ ደረጃ ሲወርዱ በየመታጠፊያው «እማማ፣ አሁን እንዞራለን» ይሏት ነበር። ይሄ ከልቤ አይወጣም።

በሽተኛ መሸከም ለኛ አዲስ አይደለም። ገጠር ሰው ሲታመም ጎረቤት ቃሬዛ ይዞ፣ እየተፈራረቀ ተሸክሞ ሐኪም ጋ ያደርሳል። ቀይ መስቀልም ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የጠብታ ነገር ግን ይለይብኛል። መሥራቹ አቶ ክብረት አበበ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ ነበሩ። የተጎዳ ሰው ያገኘው መኪና ላይ ተጭኖ፣ መንገድ ላይ ምንም ሳይደረግለት ሲመጣ ያያሉ። ቤታቸውን ሸጡ። ሦስት አምቡላንስ ገዙ። በፈረንጆቹ 2008 ሥራ ጀመሩ።

አገልግሎቱ በክፍያ ነው፣ ይህን ቀድማችሁ እወቁ። የቀይ መስቀልን 907ም አብራችሁ መዝግቡ። ስትደውሉ የብሎክ ቁጥር ብቻ አይበቃም። ሁሉም የሚያውቀውን ምልክት ተናገሩ፣ አንድ ሰው አስፋልት ድረስ ላኩ፣ የግቢውን በር አስከፍቱ። በሽተኛው የሚወስደውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል አድርጋችሁ ያዙ። እኛ ይህን ረስተን ወንድሜ ከሆስፒታል ተመልሶ መጣ።

እማዬ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶላት በምርኩዝ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀምራለች። አቶ ክብረት ቤታቸውን መሸጣቸውን ስነግራት ዝም ብላ ቆየች። «እግዜር እጥፍ አድርጎ ይተካላቸው» አለች።

የዚያ ሌሊት ነርስና ሹፌር፣ እማዬ ስማችሁን ሳልጠይቅ ብላ ትቆጫለች። ተረኛ ባልሆናችሁበት ቀን ብቅ በሉ። ቡና ታፈላላችኋለች።