ጃዝ የሆኑ መዝሙሮች፦ «ስቲል አዌይ» አልበም

አሜሪካውያኑ ፒያኒስቱ ሃንክ ጆንስና ቤዝ ተጫዋቹ ቻርሊ ሄደን እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት «ስቲል አዌይ» የቤተ ክርስቲያን መዝሙር እንዴት ጃዝ እንደሚሆን ለማወቅ ለሚፈልግ ሁሉ በመጀመሪያ የምመርጥለት አልበም ነው። ከበሮ የለም፣ ጥሩምባ የለም፣ የሚዘፍንም የለም። አብዛኞቹ ዜማዎች በባርነት የኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ያወጧቸው ስፒሪችዋሎች (መንፈሳዊ መዝሙሮች) ናቸው።

የጆንስን ግራ እጅ አድምጡልኝ። መጀመሪያ ዜማውን ምእመናን እንደሚዘምሩት፣ ሳይነካካ ይጫወተዋል። ሲደግመው ዜማው ያው ነው፤ ከሥሩ ያለው ኮርድ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ግን ተቀይሯል፤ የምታውቁት መዝሙር ድንገት ሌላ ሐዘን ይይዛል። ሄደን ኖታ አያበዛም። አንዷን ወፍራም ድምፅ ይመታና እስክትከስም ይታገሣታል።

መዝሙሮቹ ለጃዝ የተመቹት አጭርና ሁሉም በቃሉ የሚያውቃቸው ስለሆኑ ይመስለኛል። ዜማው በአድማጩ ልብ ስላለ ተጫዋቹ ርቆ ቢሄድም አይጠፋበትም። ጃዝ የተወለደባት የአሜሪካ ከተማ የኒው ኦርሊንስ የነሐስ ባንዶች ይህን ቀድመው ያውቁታል፤ ቀብር ሲሸኙ መዝሙሩን በዝግታ፣ ሲመለሱ በሚያስጨፍር ምት ይጫወታሉ። የዚያች ከተማ ልጅ፣ ጥሩምባ ነፊው ሉዊ አርምስትሮንግም እ.ኤ.አ. በ1938 «ዌን ዘ ሴይንትስ ጎ ማርቺንግ ኢን»ን በሸክላ ያስቀረጸው ከዚያው ሰፈር ይዞት ወጥቶ ነው።

የጆንስ አባት የባፕቲስት ዲያቆን ነበሩ፤ ጃዝንም የሰይጣን ሙዚቃ ይሉት ነበር። ልጃቸው 70 ዓመት ካለፈው በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ በጃዝ እጅ ሲጫወተው ሳስብ አራቱ መዝሙሮች የተያያዙበት ክፍል ላይ ሁሌም እንባዬ ይመጣል። ከአራቱ አንዱ «አባይድ ዊዝ ሚ» ነው። የጃዝ ፒያኒስቱ ቴሎኒየስ መንክ እ.ኤ.አ. በ1957 ይህንኑ መዝሙር የራሱ አልበም መክፈቻ ሲያደርገው በነፋስ መሣሪያዎች ብቻ፣ አንድም ሶሎ (ለብቻ የሚጫወቱት ክፍል) ሳይጨምር፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አስጨርሶታል። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ፤ መዝሙር ጃዝ ለመሆን ብዙ መነካካት እንደማያሻው ይታያችኋል።

የምቃወመው መዝሙር ሳይሆን የሕዝብ ዘፈን የሆነውን «ዳኒ ቦይ»ን ነው። አጨዋወቱ ያምራል፤ ቦታው ግን እዚህ አይደለም፣ የተያዘውን ጸሎት ያቋርጣል። የኒው ኦርሊንስን የመልስ ጉዞ ጭፈራ የሚሻ ሰውም እዚህ አያገኘውም።

በስልክ ድምፅ ማጉያ አትስሙት፤ ቤዙ እንዳለ ይጠፋል። ደህና የጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ «ኖባዲ ኖውስ ዘ ትራብል አይቭ ሲን» ከሚለው ጀምሩ።