እሾህ አልባ መንጠቆ በጥልቅ ባሕር፦ ከ10 ወር በኋላ

ከ10 ወር በፊት ሰው ሠራሽ ማባበያዎቼ ላይ የነበሩትን ባለሦስት ጫፍ መንጠቆዎች በሙሉ ፈታሁ። በምትካቸው እሾህ የሌላቸው ነጠላ መንጠቆዎች አሰርኩ። እሾህ የምለው ከመንጠቆው ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብላ ወደ ኋላ የዞረችውን ስለት ነው። ብዙ አጥማጅ ዓሣውን ይዛ የምታስቀረው እሷ ናት ብሎ ያምናል። እኔም ለዓመታት እንደዚያው አምን ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የጓደኛዬ እጅ ነው። አንድ ቱና ጀልባው ላይ አውጥተን ማባበያውን ሊያላቅቅ ሲሞክር ዓሣው ተወራጨ። አንዱ ጫፍ ዓሣው አፍ ውስጥ እንዳለ ሌላው ጫፍ መዳፉ ውስጥ ገባ። ዓሣው በተፈራገጠ ቁጥር እጁ አብሮ ይጎተታል። መንጠቆውን ቆርጠን ለያየናቸው። እጁ ውስጥ የቀረውን ግን እሾኋ አላስወጣ አለች። የብስ እስክንደርስ 3 ሰዓት ፈጀብን። እዚያው ጀልባው ላይ ወሰንኩ።

ወደ ዕቃው ልግባ። የያዝኳቸው በመጠን 7/0 ናቸው (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ይተልቃል)፤ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ እሾህ የላቸውም። የመንጠቆዎቹ ቀጥ ያለው ክፍል አጭርና ወፍራም ነው። መጀመሪያ ልብ ያልኩት አገባባቸውን ነው። እሾህ ያለው መንጠቆ እሾኋ እስክታልፍ ሥጋውን ማስፋት አለበት። ያ ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። ዓሣው 50 ሜትር ርቆ ሲነክስ ያ ሁሉ ጉልበት ከእጃችሁ ተነስቶ በክሩ እዚያ መድረስ አለበት። እሾህ የሌለው ግን ክሩ እንደተወጠረ እስከ ጉብጠቱ ጥልቅ ይላል። ጃይንት ትሬቫሊ የሚባለው ትልቅ የባሕር ዓሣ አፉ ጠንካራ ነው፤ ልዩነቱ ጎልቶ የታየኝ እሱ ላይ ነው።

«ታዲያ አያመልጥም ወይ?» ይሉኛል፣ የነገርኩት ሰው ሁሉ። ያመልጣል። የሚያመልጠው ክሩ ሲላላ ነው። ቱና ሲያዝ ወደ ታች ይጠልቃል፤ ክሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ውጥር ነው። በዚህ ምክንያት ያጣሁት ቱና ከድሮው አይበልጥም። ማሂ ማሂ የሚባለው ዓሣ ግን ሌላ ነገር ነው። ይዘላል፣ አየር ላይ ራሱን ያወናጭፋል። አፉ ላይ የተንጠለጠለው ከባድ ፖፐር (ውሃ ላይ እየተንቦጫረቀ ዓሣ የሚጠራ ማባበያ) እንደ መዶሻ እየተወዛወዘ መንጠቆውን ይነቅለዋል።

የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ብዙ ዓሣ አመለጠኝ። ጥፋቱን መንጠቆው ላይ ጥዬ ልመልሰው ነበር። በኋላ አንድ ወዳጄ የቀረጸልኝን ቪዲዮ ሳይ ነገሩ ገባኝ። የማጥመጃውን ዘንግ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ እስባለሁ፤ ከዚያ ክሩን ልጠቀልል በፍጥነት ወደ ታች እጥለዋለሁ። ዘንጉ በወረደ ቁጥር ክሩ ለቅጽበት ይላላል። እሾህ ያለው መንጠቆ ይህን ሁሉ ዓመት ይቅር ሲለኝ ነበር። አሁን ዘንጉን የማነሳው ትንሽ ብቻ ነው፤ እየጠቀለልኩ አወርደዋለሁ። ዓሣው ሊዘል ሲል የዘንጉን ጫፍ ወደ ጎን ዝቅ አድርጌ ውጥረቱን እጠብቃለሁ። ወደ ጀልባው ከሮጠ ካፒቴኑ ወደፊት እንዲነዳ እጮኻለሁ። ከ3ኛው ወር ወዲህ ማሂ ማሂም ቢሆን አብዛኛው እጄ ይገባል።

ሳትዘጋጁ የሚመጣባችሁ የክብደት ነገር ነው። ነጠላዎቹ ከባለሦስቶቹ ቀለል ስላሉ የምትሰምጠው ስቲክቤይቴ (እንደ ዱላ ቀጥ ያለች ማባበያ) አሰማመጧ ዘገየ። ተንሳፋፊው ፖፐርም ውሃውን አልነክስ ብሎ ላዩ ላይ ይንሸራተት ጀመር። አሮጌዎቹን መዝናችሁ የሚቀራረብ ነጠላ ፈልጉ። ግን በጣም ትልቅ አታድርጉት፤ የሆዱና የጅራቱ መንጠቆ እርስ በርስ ይተበተባሉ።

ያሉኝን መንጠቆዎች እሾህ በፒንሳ ጨፍልቄም ሞክሬአለሁ። ቀስ ተብሎ ከተጨፈለቀ ይሠራል። አንዱ ግን ብረቱ ደረቅ ስለነበር ጫፉ አብሮ ተሰበረ። በጨፈለቃችሁ ቁጥር መነጽር አድርጉ።

ቅሬታዬ የመንጠቆዎቹ የላይ ልባስ ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ጨው በሌለው ውሃ አጥቤ አደርቃቸዋለሁ፤ እንዲያም ሆኖ በ4ኛው ወር ጉብጠታቸው ላይ ተላጦ ዛገ። ጫፋቸውን በሞረድ እያሾልኩ ቆይቻለሁ፤ ለዚህ ዋጋ ግን ከዚህ የተሻለ እጠብቅ ነበር።

በጣም የምወደው የመልቀቂያውን ሰዓት ነው። ዓሣው ጀልባው ጎን ሲደርስ ከውሃው አላወጣውም። የመንጠቆውን ጉብጠት በፒንሳ ይዤ በገባበት አቅጣጫ ወደ ኋላ እስበዋለሁ፤ ወዲያው ይወጣል። ድሮ ባለሦስቱን ለማላቀቅ ስንታገል መንጋጋው ይቀደድ ነበር፤ አንዳንዴ ዓይኑ ድረስ ይጎዳ ነበር። ሻርክ በሚያንዣብብበት ቦታ ደግሞ ደክሞ የተለቀቀ ዓሣ ዕድሉ ጠባብ ነው። አሁን የምለቃቸው ጅራታቸውን መትተው ቀጥ ብለው ሲወርዱ አያለሁ።

ጂግ (ወደ ጥልቁ የሚወርድ ከባድ የብረት ማባበያ) ላይም እሾህ አልባውን አስሬዋለሁ፤ እዚያ እንዲያውም ይበልጥ ተስማምቶኛል። መንጠቆው በአጭር ገመድ ስለሚንጠለጠል የጂጉ ክብደት አይጠመዝዘውም። ለትልልቆቹ ስቲክቤይቶች ግን 7/0 ጠቦኛል። ቀጣዩ የምገዛው 9/0 ነው፤ ልባሱን ግን በደንብ አይቼ።