ቲኪንተር በስህተት መልእክት አያያዝ በኩል እንዴት ነው?

ከፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጋር አብሮ የሚመጣው የመስኮትና የአዝራር መሥሪያ ቲኪንተር የራሱ የመልእክት ሳጥን አለው፤ ለመጥራት አንድ መስመር ይበቃል። የስህተት ሳጥን የሚከፍተው «ሾውኤረር» ርዕስና ዋና መልእክት ይቀበላል። «ዲቴል» የሚባለውን ተጨማሪ አማራጭ ግን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ያሳዝናል፣ ምን እንደተፈጠረና ምን መደረግ እንዳለበት ለይቶ ለመጻፍ የተመቸ ነውና። ከላይ «ፋይሉ አልተቀመጠም»፣ ከታች «ዲስኩ ሞልቷል፤ ቦታ አስለቅቀው እንደገና ይሞክሩ» ማለት ይቻላል።

ትልቁ ድክመት ነባሪው አሠራር ነው። አዝራር ሲጫን በሚሠራው ፋንክሽን (የኮድ ክፍል) ውስጥ ያልተያዘ ስህተት ቢነሳ፣ ዝርዝሩ ተርሚናል (የጽሑፍ ትእዛዝ መስጫ) ላይ ይታተማል እንጂ የፕሮግራሙ መስኮት ላይ ምንም አይታይም። ፕሮግራሙ በዊንዶውስ ላይ ያለ ተርሚናል ከተከፈተማ ጽሑፉ ጭራሽ ይጠፋል፤ ተጠቃሚው አዝራሩን ደጋግሞ ይጫናል፣ መልስ የለም። መፍትሔው በዋናው መስኮት ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ሲነሳ የሚጠራውን «ሪፖርት ኮልባክ ኤክሴፕሽን» የተባለ ሜተድ በራስ ፋንክሽን መተካት ነው። ፋንክሽኑ መጀመሪያ ሙሉ ዝርዝሩን ሎግ (መዝገብ) ፋይል ላይ ይጻፍ፣ ሳጥኑን ከዚያ ይክፈት፤ ሳጥኑ ባይከፈት እንኳ ማስረጃው ይቀራል።

ከሌላ ትሬድ (ከዋናው ጎን ለጎን ከሚሄድ የፕሮግራሙ ሥራ) ሳጥን መክፈት አይገባም፤ መስኮቱ ሊደርቅ ይችላል። ስህተቱን ኪው (ወረፋ) ውስጥ አስገብቶ ዋናው ትሬድ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ፋንክሽን በሚያስጠራው «አፍተር» በየ100 ሚሊሰከንዱ እንዲያየው ማድረግ ነው።